ሠልጣኙን ማን ይከፍልበታል? የቡሬና የፍኖተ ሰላም አሠሪዎች የማይመዘግቡት ሂሳብ

ለምዕራብ ጎጃም የሚሆን የፕሮጀክት ጥናት ሲዘጋጅ የመሬቱ ኪራይ፣ የማሽኑ ዋጋ፣ የትራንስፎርመሩ ወረፋ፣ የበርበሬውና የበቆሎው የዋጋ መዋዠቅ በየመስመሩ ይሰፍራል። የሰው ኃይል የሚለው ክፍል ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። «በአካባቢው ርካሽና በቂ የሰው ጉልበት አለ» ይባልና ወደሚቀጥለው ገጽ ይኬዳል። ባንኩም ይህን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ብዙ አይጠይቅም፤ አክሲዮን የሚገዛውም ሰው እንዲሁ። ጥያቄው የሚነሳው ማሽኑ ከቆመ በኋላ ነው።

«በቂ» የሚለው ቃል እውነትነት አለው። እንደሚታወሰው በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ሆኗል። ከቀሩት ውስጥ ከፊሎቹ በማካካሻ ፕሮግራም ዩኒቨርሲቲ ቢገቡም፣ የሚበልጡት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። በአማራ ክልል ደግሞ በጸጥታው ችግር ምክንያት ለፈተና ያልቀረበው ወጣት ቁጥር ቀላል አይደለም። ስለሆነም ከደምበጫ እስከ ቡሬ ባለው መንገድ ዳር ሥራ የሚፈልግ፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል ጎልማሳ አይታጣም።

«ርካሽ» የሚለው ግን ሂሳብ ይፈልጋል። ወር ሙሉ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ በአንድ ቀን የተሳሳተ ቁልፍ ተጭኖ ሞተር ካቃጠለ ርካሽነቱ የት ላይ እንደሆነ ባለፋብሪካው ያውቀዋል።

ፋብሪካው መጣ፤ ባለሙያውስ?

ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም በኩል የሚመጣው አስፋልት ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ፣ ከቡሬ የሚነሳው ሌላ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል። በዙሪያዋ በቆሎ፣ ስንዴ፣ በርበሬ፣ ድንች በብዛት ይመረታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መጋዘን ካቆመባቸው ከተሞች አንዷ ቡሬ ናት። ለመቀነባበሪያ ፓርክ መመረጧም ያለ ምክንያት አይደለም።

የቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከይርጋለም፣ ከቡልቡላና ከባእከር ጋር ከአራቱ የመጀመሪያ ፓርኮች አንዱ ሲሆን፣ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ 260 ሄክታር የሚጠጋ ሲሆን፣ እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ዙሪያ በሚቋቋሙ የገጠር ሽግግር ማዕከላት በኩል የአርሶ አደሩን ምርት እንዲሰበስብ ታስቦ የተነደፈ ነው። በዚያው ዓመት የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ የሆነው የፊቤላ የምግብ ዘይት ፋብሪካ በቡሬ ሥራ ጀመረ። በቀን 1.5 ሚሊዮን ሊትር የማምረት አቅም እንዳለው ሲነገር ብዙ ሰው ተደንቆ ነበር። በፓርኩ ውስጥም አኩሪ አተር የሚያቀነባብር ፋብሪካ ገብቷል።

ስለ ዘይት ፋብሪካዎች በገበያው ሲወራ የሚሰማው የጥሬ ዕቃና የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነው፤ ወሬውም መሠረት አለው። ነገር ግን ከቅባት እህሉና ከዶላሩ ጎን ለጎን የሦስተኛው እጥረት ድምፅ አይሰማም። እንዲህ ያለ ፋብሪካ የቦይለር ኦፕሬተር፣ የኤሌክትሪክ ቁጥጥር ባለሙያ፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ የማሸጊያ መስመር ጠጋኝ ይፈልጋል። እነዚህ ሙያተኞች በደላላ በአንድ ጠዋት ተሰብስበው የሚመጡ አይደሉም። ከአዲስ አበባ፣ ከአዳማ ወይም ከኮምቦልቻ ይመጡ ቢባል የቤት ኪራይ፣ የበረሃ አበል እንዲሉ የርቀት አበል፣ በየበዓሉ የአውቶቡስ ትኬት ይጠይቃሉ፤ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ አይመለሱም።

ጉዳዩ የትላልቆቹ ፋብሪካዎች ብቻ አይደለም። በፍኖተ ሰላም የዱቄት ፋብሪካ፣ የብረታ ብረትና የእንጨት ሥራ፣ ጋራዥ፣ የበርበሬ ማዘጋጃ ያለው ነጋዴ ሁሉ ይህንኑ ችግር በትንሹ ይኖርበታል። በቆሎ ሲገዛ እርጥበቱን በመሣሪያ የሚለካ ሰው የሌለው ነጋዴ በጥርሱ ነክሶ ይገምታል። ያልደረቀ በቆሎ መጋዘን ገብቶ ከሻገተ፣ ወይም በርበሬው በአፍላቶክሲን ምክንያት ከገዢ ከተመለሰ፣ ኪሳራው ለአንድ ሠራተኛ የዓመት ሥልጠና ከሚወጣው ገንዘብ እጅግ ይበልጣል። ይህን የሚያውቅ ብዙ ነው፤ ሂሳቡን በወረቀት ያሰፈረው ግን ጥቂት ነው።

«ረዳት» የሚባለው ሥርዓት

ጎጃም ሥልጠና የማያውቅ አገር አይደለም። ሸማኔውና አንጥረኛው ሙያውን ከልጁ እጅ አስገብቶ ነው ያለፈው። በከተማው ደግሞ «ረዳት» የሚባል ነገር አለ። የጭነት መኪና ረዳት ጎማ ይቀይራል፣ ዕቃ ይጭናል፣ ሌሊት መኪና ይጠብቃል፤ ከዓመታት በኋላ መሪ ይይዛል። የጋራዥ ረዳትም ቁልፍ በማቀበል ጀምሮ ሞተር በመፍታት ይጨርሳል። በደርግ ዘመን የመንግሥት የነበሩት የብርና የአየሁ እርሻዎችም ለአካባቢው የትራክተርና የኮምባይነር ሰው ያፈሩ ትምህርት ቤቶች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይህ ሥርዓት ርካሽ ነው፤ ይሠራልም። ሆኖም ሦስት ጉድለቶች አሉበት። ረዳቱ ምን ያህል ጊዜ እንደሚማር፣ ምን እንደሚማር፣ ሲጨርስ ምን እንደሚያገኝ የተጻፈ ነገር የለም። ሁለተኛ፣ ሙያውን ተምሮ ሲወጣ በእጁ ወረቀት ስለማይኖረው ከፓርኩ በር ላይ «የብቃት ማረጋገጫ አምጣ» ሲባል ይመለሳል። ሦስተኛው ጉድለት ለአሠሪው ነው፤ ጣቱ በማሽን የተቆረጠ ረዳት «ሠራተኛ ነበርኩ» ብሎ ሲከስ አሠሪው «ሊማር የመጣ ልጅ ነው» የሚልበት ሰነድ አይኖረውም። እንዲህ ያለው ክርክር የት እንደሚያደርስ የሥራ ክርክር የሚያዩ ዳኞች ያውቁታል።

ሕጉ የሚጠይቀው

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከአንቀጽ 48 ጀምሮ ስለ ሙያ ልምምድ ውል ይደነግጋል። ይህ ክፍል በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 ውስጥም የነበረ ነው። ነጋዴው ግን እምብዛም ሲጠቀምበት አይታይም። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። አሠሪው ከድርጅቱ ሥራ ጋር በተያያዘ ሙያ የተሟላና ተከታታይ ሥልጠና ሊሰጥ ይስማማል፤ ለማጁ ደግሞ ትእዛዝ አክብሮ ሊማርና ሊሠራ ይስማማል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በሚመለከተው የመንግሥት አካልም መረጋገጥ አለበት። የሥልጠናው ዓይነትና ዘመን፣ በዚያ ጊዜ የሚከፈለው ገንዘብ፣ የሥራው ሁኔታ በውሉ ይገለጻል። ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ለማጅ ሊሆን አይችልም።

አሠሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላ ነጥብ አለ። ለማጁን ከሙያው ጋር በማይያያዝ፣ ለሥልጠናው በማይረዳ ሥራ ላይ ማሰማራት ክልክል ነው። ኤሌክትሪክ ሊማር የመጣው ልጅ ስድስት ወር ሙሉ ጆንያ ሲሸከም ከተገኘ ውሉ ውል አይደለም፤ ርካሽ ጉልበት መሰብሰቢያ ነው። ሥልጠናው ሲያበቃም አሠሪው የተማረውን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ የምስክር ወረቀት መስጠት አለበት። ይህች ወረቀት ለአሠሪው አንድ ገጽ ናት፤ ለልጁ ግን የዓመት ልፋቱ ናት።

ውሉ ከዘመኑ በፊት የሚቋረጥበትም መንገድ ተቀምጧል። አሠሪው በሥራ ለውጥ ወይም ከአቅሙ በላይ በሆነ ምክንያት ግዴታውን መወጣት ካልቻለ፣ ለማጁ የድርጅቱን የዲሲፕሊን ደንብ ከጣሰ፣ ወይም ሥልጠናውን በጊዜው ሊፈጽም የማይችል ከሆነ አሠሪው ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያቋርጣል። ለማጁም አሠሪው ግዴታውን ካልተወጣ፣ ወይም የጤና አለዚያም የቤተሰብ በቂ ምክንያት ካለው ይወጣል።

ከዚህ ተነጥሎ መታየት ያለበት የደህንነት ሥልጠና ነው። ይህ ውዴታ አይደለም። በዚሁ አዋጅ አሠሪው ሠራተኞቹ የሥራቸውን አደጋና የጥንቃቄውን መንገድ በሚገባ እንዲያውቁ የማድረግ፣ የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ፣ የሠራተኛውን መረጃና የደረሰ ጉዳት ካለ መዝግቦ የመያዝ ግዴታ አለበት። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው መዝገብ ነው። «ነግረናቸዋል» የሚለው መልስ ያለ ቀን፣ ያለ ፊርማ፣ ያለ አሠልጣኝ ስም አይረዳም። በቦይለርና በዱቄት ፋብሪካ አቧራ አጠገብ የሚሠራ ሰው ያልተነገረው ነገር ቢኖር ዋጋው በብር ብቻ የሚቆጠር አይደለም።

የውጭ ባለሙያ ያመጡ ባለሀብቶች ደግሞ ሌላ ግዴታ አለባቸው። የኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 የውጭ ዜጋ ለሚቀጥር ባለሀብት ፈቃድ ሲሰጥ፣ አስፈላጊውን ሥልጠና ሰጥቶ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ በኢትዮጵያውያን እንዲተካቸው ኃላፊነት ይጥልበታል። የሥራ ፈቃዱም በየዓመቱ የሚታደስ ነው። በዕድሳቱ ወቅት «ከጎኑ ማን እየተማረ ነው?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ስም፣ የሥልጠና ፕሮግራምና የደረሰበትን ደረጃ ማሳየት የማይችል ፋብሪካ ይቸገራል። ከቻይና ወይም ከህንድ የመጣው ቴክኒሻን በሩን ዘግቶ ማሽኑን የሚጠግን ከሆነ ፋብሪካው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ አንዴ ለደመወዙ፣ አንዴ እሱ ሲሄድ።

ሰባ ለሠላሳ

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናውን ከክፍል አውጥቶ ወደ ሥራ ቦታ ለመውሰድ ያለመ ነበር። የጀርመን የሁለትዮሽ ሥልጠና ተጽዕኖ ይታይበታል። በልማድ «70 ለ30» የሚባለው የትብብር ሥልጠና ትርጉሙ ሠልጣኙ 70 በመቶውን ጊዜ በድርጅት፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ ያሳልፍ ማለት ነው። ሲጨርስም ኮሌጁ ባወጣው ፈተና ሳይሆን በብቃት ምዘና ማዕከል በሙያ ደረጃው መሠረት ይመዘናል፤ ሰዎች «ሲኦሲ» የሚሉት ይኸው ነው።

በወረቀት ሲታይ መልካም ነው። በተግባር ግን 70 በመቶው የት እንደሚፈጸም ጥያቄ ነው። በሀምቡርግ ወይም በሽቱትጋርት ድርጅቱ ሞልቶ ኮሌጁ ያንሳል፤ በፍኖተ ሰላም ኮሌጁ አለ፣ ሠልጣኙ አለ፣ ድርጅቱ ግን ጥቂት ነው። አንድ ጋራዥ ሃያ ሠልጣኝ ቢላክበት የሚሆነው ቆሞ መመልከት ነው። የጋራዡ ባለቤትም «እነዚህን ልጆች ውሰድ» የሚል ደብዳቤ ሲደርሰው ትርፉ ስለማይታየው በአክብሮት ተቀብሎ ወደ ጥግ ያስቀምጣቸዋል። ይህ የጋራዡ ባለቤት ክፋት አይደለም። ቁልፍ፣ መለዋወጫ፣ የጠጋኙ ሰዓት ሁሉ የሱ ነው፤ ማንም አልከፈለበትም።

ታዲያ የፓርኩ መምጣት አጋጣሚውን ቀይሮታል። በቡሬና በፍኖተ ሰላም ያሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ከትላልቆቹ ፋብሪካዎች ጋር የጋራ ሰነድ ቢፈራረሙ ኮሌጁ የሚያስተምረውን ፋብሪካው ይመርጣል። ሰነዱ ሲጻፍ ግን የሚረሱ ነገሮች አሉ። ሠልጣኙ በፋብሪካው ግቢ ቢጎዳ ሕክምናውን ማን ይሸፍናል? ኮሌጁ «ፋብሪካው»፣ ፋብሪካው «ኮሌጁ» እያለ የሚገፋፋው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። የመድን ሽፋኑ ማን ስም ላይ እንደሚገባ፣ የተበላሸው ጥሬ ዕቃ በማን ሂሳብ እንደሚያዝ፣ የሠልጣኙን የሥራ መዝገብ ማን እንደሚፈርም በሰነዱ ውስጥ ካልሰፈረ ሰነዱ ለፎቶግራፍ ብቻ የተፈረመ ነው።

እስቲ ሂሳቡ

ለአብነት ያህል አንድ 40 ሠራተኛ ያለው፣ በወር 240,000 ብር ደመወዝ የሚከፍል የዱቄት ፋብሪካ ይወሰድ። አሃዞቹ ለማስተማሪያ የተቀመጡ ናቸው፤ እያንዳንዱ ነጋዴ የራሱን ሊያስገባባቸው ይችላል። ፋብሪካው አራት ለማጆችን ለስምንት ወር ይቀበላል እንበል። ለእያንዳንዳቸው በወር 1,500 ብር የኪስ ገንዘብ ቢከፍል 48,000 ብር ይሆናል። የሚያሠለጥናቸው ቴክኒሻን ደመወዙ 12,000 ብር ሆኖ ሩብ ጊዜውን ለእነሱ ቢሰጥ 3,000 ብር በስምንት ወር 24,000 ብር ነው። የሥራ ልብስና ጫማ ለአራቱ 8,000፣ በመማር ላይ ለሚበላሽ ዕቃ 10,000 ብር ቢያዝ ድምሩ 90,000 ብር ይመጣል። በነፍስ ወከፍ 22,500 ብር መሆኑ ነው።

አሁን ደግሞ ከአራቱ ሁለቱ ሲጨርሱ ሄዱ ይባል። ለቀሩት ሁለት ሰዎች የወጣው 45,000 ብር በነፍስ ወከፍ ሆነ። ብዙ ነጋዴ እዚህ ላይ ደብተሩን ይዘጋል፤ «ለሰው አሠልጥኜ!» ይላል። ደብተሩ ግን አንድ ገጽ ይቀረዋል። ፋብሪካው አንድ ቀን ሲቆም 20,000 ብር የሚያጣ ከሆነ፣ ጠጋኝ ከአዲስ አበባ ተጠርቶ እስኪመጣና እስኪጨርስ ሦስት ቀን ከወሰደ 60,000 ብር ጠፍቷል። የጠጋኙ ክፍያና መጓጓዣ 15,000 ብር ሲደመር አንድ ብልሽት 75,000 ብር በላ ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ ልጆች በዓመት ሁለት ብልሽት በቤት ውስጥ ከጠገኑ 150,000 ብር ድኗል። በዚህ ሂሳብ ሁለቱ ቢሄዱም ሥልጠናው ዋጋውን መልሷል። መንገድ በተዘጋበት ወቅት ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ጠጋኝ ሦስት ቀን ሳይሆን ጨርሶ ላይመጣ ይችላል።

ወጪው በታክስም ይታያል። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 22 የንግድ ሥራ ገቢ ለማግኘት ሙሉ በሙሉና አስፈላጊ ሆነው የወጡ ወጪዎች ተቀናሽ እንደሚሆኑ ይደነግጋል። በትርፉ ላይ 30 በመቶ የሚከፍል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር 90,000 ብሩን በሰነድ ካረጋገጠ ከግብሩ 27,000 ብር ይቀንስለታል፤ ንጹሕ ወጪው 63,000 ብር ይሆናል። «በሰነድ» የሚለው ቃል ላይ ይሰመርበት። ያልተፈረመ የኪስ ገንዘብ፣ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ጫማ፣ ያለ ውል የተቀመጠ ለማጅ በኦዲተር ፊት የባለቤቱ የግል ወጪ ነው። የግብር መሥሪያ ቤቱ ሰው «ይህ ልጅ ማነው?» ሲል የሚመለስለት የተረጋገጠው የልምምድ ውል ነው።

የሚሄድ ሠልጣኝ

አሠሪዎችን ከሥልጠና የሚያርቃቸው ትልቁ ስጋት ጎረቤት ፋብሪካ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው ጥናት ሥልጠናን በሁለት ከፍሎታል። በየትኛውም ድርጅት የሚያገለግል ሙያ አለ፤ በአንዱ ድርጅት ብቻ የሚያገለግል ሙያ አለ። ብየዳ የተማረ ሰው በሁሉም ቦታ ይፈለጋል፤ ስለዚህ አሠሪው ለብየዳ ሥልጠና ለመክፈል ይፈራል። የአንዱን ፋብሪካ ልዩ መስመር የተማረ ሰው ግን ሌላ ቦታ ዋጋው ስለሚቀንስ ይቆያል። በቡሬ ሁለቱም ይገናኛሉ።

በሕጉ በኩል የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሥራ መልቀቅ ይችላል። ይህን ለመከላከል ብዙ ድርጅት የግዴታ አገልግሎት ውል ያስፈርማል። ውል ማስፈረም ክፋት የለውም፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉም ተዋዋዮች ግዴታ ባይፈጸም የሚከፈለውን ኪሣራ አስቀድመው መወሰን ይችላሉ። ግን መጠኑ ከሥልጠናው ወጪ ጋር የማይመጣጠን፣ ዘመኑም የማያልቅ ውል ሠራተኛውን ያስፈራው እንደሆነ እንጂ አይዘውም። የ22,500 ብር ሥልጠና የተሰጠውን ልጅ 200,000 ብር ዕዳ ላይ ማስፈረም ፍርድ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። ወጪው በዝርዝር ተጽፎ፣ በየወሩ በሚሰጠው አገልግሎት እየቀነሰ የሚሄድ ውል ይሻላል። ከውሉም ይበልጥ የሚይዘው ሥልጠናውን ሲጨርስ የሚጨመርለት ደመወዝ ነው። 3,000 ብር ጭማሪ የነፈገ አሠሪ 22,500 ብር ሲያጣ ይታያል፤ ይህ በየገበያው የሚታይ ነገር ነው።

ሌላው መንገድ መተባበር ነው። በአንድ ከተማ ያሉ አራት ጋራዦች ወይም ሦስት ዱቄት ፋብሪካዎች በጋራ አንድ አሠልጣኝ ቢቀጥሩ፣ ማንኛቸውም ልጅ ወደ ማንኛቸው ቢሄድ ገንዘቡ ከመካከላቸው አይወጣም። በንግድ ምክር ቤቶች በኩል ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ነጋዴ ግን ከጎረቤቱ ጋር ሚስጥር እንጂ አሠልጣኝ መጋራት አይወድም።

ሌሎቹ አገሮች እንዴት ፈቱት?

ብዙ የአፍሪካ አገሮች ችግሩን «ሁሉም ይክፈል፣ ያሠለጠነ ይመለስለት» በሚል ፈትተውታል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣችው ሕግ ከደመወዝ ሂሳብ 1 በመቶ የክህሎት ልማት ክፍያ ትሰበስባለች፤ የዓመት ደመወዝ ሂሳቡ ከ500,000 ራንድ የማይበልጥ አሠሪ ነፃ ነው። አሠሪው በየዓመቱ እስከ ሚያዝያ ማብቂያ በፈረንጆች አቆጣጠር የሥራ ቦታ የክህሎት እቅድና ያለፈውን ዓመት የሥልጠና ሪፖርት ካቀረበ ከከፈለው ከፊሉ በእርዳታ መልክ ይመለስለታል። የሚመለሰው ድርሻ ቀድሞ 50 በመቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ 20 በመቶ ዝቅ ሲደረግ አሠሪዎች እስከ ፍርድ ቤት ተከራክረዋል። ኬንያ ደግሞ ቀለል ያለውን መርጣለች፤ በአንድ ሠራተኛ በወር 50 ሽልንግ። ናይጄሪያ 1 በመቶ ታስከፍላለች። ታንዛኒያ ከሁሉም ከበድ ያለውን የያዘች ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ወደ 3.5 በመቶ ዝቅ አድርጋዋለች።

ከላይ የተጠቀሰው የዱቄት ፋብሪካ በደቡብ አፍሪካ ሥርዓት ቢሆን በወር 2,400፣ በዓመት 28,800 ብር ይከፍላል፤ 20 በመቶው ቢመለስ 5,760 ብር ነው። በታንዛኒያ ሂሳብ በዓመት 100,800 ብር ይሆናል። ነጋዴው ይህን ሲያይ «እንኳን አልመጣ» ማለቱ አይቀርም። የደቡብ አፍሪካ አሠሪዎችም የሚያማርሩት ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹ እቅዱን የሚያዘጋጁት ለሥልጠናው ሳይሆን ለቅጹ ነው፣ ቅጽ የሚሞላ አማካሪም ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። ሆኖም ከክፍያው አንድ ትምህርት ይወሰዳል። እቅድ በጽሑፍ ማቅረብ የተገደደ አሠሪ ቢያንስ በዓመት አንዴ «የትኛው ሠራተኛዬ ምን አያውቅም?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ እስከ 2016 ዓ.ም. ድረስ ከደመወዝ ሂሳብ ላይ የሚታሰብ እንዲህ ያለ አገር አቀፍ የሥልጠና ክፍያ ሥራ ላይ አልዋለም። ስለሆነም ተመላሽም የለም። ያለው ገንዘብ በጀትና እርዳታ ነው።

የእርዳታው በር

የእርዳታ ገንዘብ ሲባል ብዙ ነጋዴ በእጅ የሚሰጥ ብር ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። የዓለም ባንክ በምሥራቅ አፍሪካ የክህሎት ፕሮጀክቱ የደገፋቸው ኮሌጆች ናቸው፤ በአማራ ክልል የኮምቦልቻው ፖሊቴክኒክ አንዱ ነው። በአፍሪካ ኅብረትና በጀርመን መንግሥት የተቋቋመው የአፍሪካ የክህሎት ኢኒሼቲቭ ኢትዮጵያን ከጀማሪ አገሮች አንዷ አድርጎ ለሥልጠና ፕሮጀክቶች እርዳታ ሰጥቷል፤ ገንዘቡ የሚሰጠው ግን ድርጅቶችና የሥልጠና ተቋማት አብረው ሲያመለክቱና የራሳቸውን ድርሻ ሲያወጡ ነበር። ቮልቮ፣ የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅትና የስዊድን መንግሥት በአዲስ አበባ ሰላም ኮሌጅ ያቋቋሙት የከባድ ማሽን ማሠልጠኛም እንዲሁ ነው፤ ኩባንያው መሣሪያና ዕውቀት አመጣ፣ ረጂው ገንዘብ፣ ኮሌጁ ግቢና መምህር።

ከነዚህ ሁሉ የሚታየው መልክ አንድ ነው። ብቻውን የሚያመለክት ነጋዴ ገንዘብ አያገኝም። ኮሌጅ ይዞ፣ ከተቻለ ማኅበር ወይም ዩኒየን ይዞ፣ የራሱን ድርሻ ቆጥሮ የቀረበ ያገኛል። ድርሻው ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ብቻ መሆን የለበትም፤ የቴክኒሻኑ ሰዓት፣ የማሽኑ አገልግሎት፣ የሥራ ልብሱ ሁሉ ይቆጠራል። ከላይ የተሰላው 90,000 ብር በመዝገብ ካለ ያ ነው ድርሻው። ያልመዘገበ ሰው በየዓመቱ ያወጣውን ገንዘብ በማመልከቻው ላይ ሊያሳይ አይችልም፤ አዲስ ገንዘብ ሊያወጣ ይገደዳል።

ገንዘቡም በአብዛኛው የሚለቀቀው በክፍል በክፍል፣ ያለፈው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። የተመዘገቡ ሠልጣኞች ስም፣ የመገኘት ፊርማ፣ የምዘና ውጤት፣ ሲጨርሱ የተቀጠሩት ብዛት ይጠየቃል። በመካከሉ ጥሬ ገንዘብ የሌለው አሠሪ ሥልጠናውን ጀምሮ ያቋርጣል። ስለዚህ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ቢያንስ የመጀመሪያውን ሩብ ዓመት ወጪ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል።

የምዕራብ ጎጃም ነጋዴ ደግሞ ከሌላው አገር የተለየ አንድ ነገር በውሉ ውስጥ ማስገባት አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ኮሌጆችና ፋብሪካዎች ለጊዜው ሲቆሙ አሳይቷል። ስምንት ወር የተባለ ሥልጠና በመሃሉ ሁለት ወር ቢቆም ጊዜው ይራዘማል ወይስ ያበቃል? የኪስ ገንዘቡስ? ሕጉ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት አሠሪው ውሉን በማስጠንቀቂያ እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ ማቋረጥ ግን ያወጣውን ሁሉ መጣል ነው። «ሥራ በቆመበት ጊዜ ውሉ ይቆማል፣ ሲጀመር ከቆመበት ይቀጥላል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከመፈረሙ በፊት ቢገባ ሁለቱንም ወገን ያድናል። የሥልጠናው መጀመሪያም ከኅዳርና ከታኅሣሥ ውጪ ቢሆን ይመረጣል፤ በእነዚያ ወራት አዝመራ ይሰበሰባል፣ የገጠር ልጅ ወደ አባቱ ማሳ ይመለሳል፣ ፋብሪካውም የግዢ ወቅቱ ስለሆነ ቴክኒሻኑ ለማስተማር ጊዜ የለውም። የካቲት ላይ የተጀመረ የስምንት ወር ውል መስከረም ላይ ያልቃል፤ አዲሱ በቆሎ መግባት ሲጀምር ልጆቹ ማሽኑን ያውቁታል።